ሃልዋ እንዴት የገና ሆነ? የአንድ ድስት ታሪክ

በዓል ሲቃረብ አብዛኛውን ጊዜ የምንጠያየቀው የዕቃ ዋጋና የኬላ ወሬ ነው። እኔ ዛሬ ስለ አንድ ድስት ልጽፍላችሁ ነው።

ድሬዳዋ ተወልጄ ያደግኩ ነጋዴ ነኝ። ከሃያ ዓመት በላይ በድሬዳዋና በጅቡቲ መካከል ተመላልሻለሁ። ቤታችን የክርስቲያን ቤት ነው፤ ነገር ግን ገናን ያለ ሃልዋ አሳልፈን አናውቅም። አዲስ አበባ ያሉ ዘመዶቻችን ይህ ይገርማቸዋል። «ሃልዋ የኢድ አይደለም እንዴ?» ይሉናል። ልክ ናቸው፤ ሃልዋ የኢድና የሰርግ ነው። እኛ ቤት እንዴት የገና ሆነ ለሚለው ግን ትንሽ ከሩቅ መጀመር አለብኝ።

ሃልዋ የሚለው ቃል ከዐረብኛ የመጣ ነው፤ ጣፋጭ ማለት ነው። በዚህ ስም የሚጠራው ብዙ ነው። ዐረብና ቱርክ አገር ከሰሊጥ የሚሠራ አለ፤ ሕንድ አገር ከካሮት ሳይቀር ይሠሩታል። የእኛ የምሥራቁ ሃልዋ የሚሠራው ከስኳር፣ ከስታርች፣ ከቅቤ ወይም ከዘይት፣ ከሄልና ከገውዝ ነው። ቀላ ያለ ቡናማ ነው፤ ሲነኩት ይንቀጠቀጣል፤ ጣት ላይ ይጣበቃል። ቅርብ ዘመዱ የኦማን ሃልዋ ነው። የኦማን ነጋዴዎች ለብዙ መቶ ዓመታት በሸራ መርከብ በእኛ ጠረፍ ተመላልሰዋል። ከኅዳር እስከ መጋቢት የሰሜን ምሥራቁ ነፋስ ወደ ሞቃዲሾ፣ ወደ ብራቫ፣ ወደ ላሙና ወደ ዛንዚባር ያወርዳቸዋል፤ ከሚያዝያ በኋላ ደግሞ የደቡብ ምዕራቡ ነፋስ ወደ አገራቸው ይመልሳቸዋል። በ1840 እ.ኤ.አ. ገደማ የኦማኑ ገዥ ሰዒድ ቢን ሱልጣን መቀመጫውን ከሙስካት ወደ ዛንዚባር እስከማዛወር ደርሷል። ዛሬ ሙስካት፣ ዛንዚባር፣ ሞምባሳ፣ ላሙ፣ በርበራ ወይም ሐረር ብትሄዱ የሚቀርብላችሁ ሃልዋ ወንድማማች ነው። «የእኛ ነው፣ የእነሱ ነው» የሚል ክርክር ሲነሳ እኔ አልገባበትም። እነዚህን ከተሞች ካርታ ላይ በእርሳስ አገናኟቸው፤ የንግድ መስመር ይወጣላችኋል።

ከዘይላና ከበርበራ የሚነሳው የግመል ቅፍለት ሐረር ይገባ ነበር። ቡናና ቆዳ ይወጣል፤ ጨርቅና ቅመም ይገባል። ባቡር ሲመጣ መንገዱ ዞረ። ከጅቡቲ የተነሳው ሐዲድ የሐረርን ተራራ መውጣት ከባድና ውድ ስለሆነበት ቆላውን ይዞ አለፈ፤ በ1895 ዓ.ም. መጨረሻው የሆነው ቦታ ድሬዳዋ ተባለ። ከተማችን የተወለደችው በዚህ ነው። የመን፣ ሕንድ፣ ግሪክ፣ አርመን፣ ሶማሌ፣ ኦሮሞ፣ ሐረሪ፣ አማራ፣ ጉራጌ ሁሉም ሱቅ ከፈተ። ስኳር ያን ጊዜ ከባሕር ማዶ ይመጣ ነበር። በ1946 ዓ.ም. ኤች ቪ ኤ የሚባለው የሆላንድ ኩባንያ የወንጂን ስኳር ፋብሪካ ሥራ ሲያስጀምር ስኳር ከመሐል አገር ወደ እኛ ይወርድ ጀመር። ስታርቹና ሄሉ ግን እንደ ቀድሞው ከጅቡቲ በኩል ይመጣል። በአንድ ሐዲድ ላይ አንዱ ከምዕራብ፣ ሌላው ከምሥራቅ መጥተው ድሬ ላይ አንድ ድስት ውስጥ ይገናኛሉ ማለት ነው።

እናቴ ከሂርና በጋብቻ መጥታ ድሬዳዋ የገባችው በንጉሡ የመጨረሻ ዓመታት ነው። ጎረቤቷ ሶማሌ ነበረች፤ እኛ ቤት እስከ ዛሬ ኤዶ ነው የምንላት፤ በሶማሊኛ አክስት ማለት ነው። (ድሬ አንቱታ አይለመድም፤ አክብሮት ስላነሰኝ አይምሰላችሁ።) ኤዶ ለኢድ ሃልዋ ስትሠራ ግቢው ሁሉ ይሰበሰባል፤ ምክንያቱም ሃልዋ አንድ ሰው ብቻውን አይችለውም። ከአንድ ሰዓት በላይ ሳያቋርጡ ማማሰል አለ። አንዷ ክንዷ ሲዝል ሌላዋ ማማሰያውን ትቀበላለች። እናቴ የተማረችው እንዲህ ተራ በመቀበል ነው። ኤዶ ማማሰል ብቻ ሳይሆን ወሬም ታስተምራት ነበር፤ ድሮ የፋብሪካ ስታርች ሳይኖር ሰዎች ስታርቹን ከስንዴ ራሳቸው እንደሚያወጡ የነገረቻት እሷ ናት።

ከዚያ 1969 ዓ.ም. መጣ። ሰኔ ላይ ጅቡቲ ነፃ አገር ሆነች። በዚያው ክረምት ከሶማሊያ ጋር ጦርነት ሆነ፤ ድልድዮች ፈርሰው ባቡሩ ቆመ፤ ነሐሴ ላይ ውጊያው ድሬዳዋ ደጃፍ ደረሰ። ለሶማሌ ጎረቤቶቻችን ያ ጊዜ እጅግ ክፉ ነበር፤ ትናንት አብረው ቡና የጠጡ ሰዎች በጥርጣሬ መተያየት ጀመሩ። የኤዶ ቤተሰብ አንድ ሌሊት ለመሄድ ወሰነ። ኤዶ ጨርቅና ልጆቿን ይዛ ትልቁን የብረት ድስት በአጥር ላይ ለእናቴ አቀበለቻት። «ከተመለስኩ እወስደዋለሁ፤ ካልተመለስኩ አታዝጊው» አለቻት። ሌላ ነገር ለመናገር ጊዜ አልነበራቸውም።

የብረት ድስት ያላችሁ ታውቃላችሁ፤ ከተቀመጠ ይዝጋል። እንዳይዝግ የሚያደርገው ዘይትና እሳት ነው። እናቴ ቃሏን ለመጠበቅ በዓመት አንዴ እንኳ ሃልዋ ልትሠራበት ግድ ሆነባት። ለኢድ እንዳትሠራ እሷ ኢድ የላትም፤ ስለዚህ ለገና ሠራችው። ሃልዋ እኛ ቤት የገና የሆነው እንዲህ ነው።

ችግሩ የሚሠራበት ዕቃ ነበር። በደርግ ጊዜ ስኳር በቀበሌ ሱቅ በራሽን ይሰጥ እንደነበር የእኔ እኩዮች ታስታውሳላችሁ። ሰልፉን እኔም ቆሜበታለሁ። እናቴ ለገና ስኳር ለማጠራቀም ከመስቀል ጀምሮ ስኳሩን ትቆልፍበታለች፤ ቡና በጨው እንጠጣለን። አባቴ «ይህ ድስት ዘጠነኛው ልጃችን ነው» እያለ ያጉረመርም ነበር፤ እኛ ስምንት ነን። ስታርች ሲጠፋ ደግሞ የኤዶን ወሬ አስታወሰች። ስንዴ ዘፍዝፋ፣ በእጇ አሽታ፣ በነጠላ አጥልላ፣ ውኃው ሲረጋ ከሥር የሚቀረውን ነጭ ዝቃጭ ወሰደች። ሃልዋው ጠቆር ብሎ ወጣ፤ ግን ሃልዋ ነበር። ጾሙ ሳይፈታ ስለሚሠራ ሁልጊዜ በዘይት ነው የምትሠራው፤ የቅቤ ሽታ የሌለው የእኛ ቤት ሃልዋ ጣዕሙ የመጣው ከዚህ ነው።

በ1979 ዓ.ም. ኤዶ ጅቡቲ ባልባላ እንዳለች አንድ የባቡር ሠራተኛ ወሬ አመጣ። ስድስት ዓመቴ ነበር፤ እናቴ ይዛኝ ሄደች። ድስቱን በሁለት እግሯ መካከል አድርጋ፣ ውስጡን ቲማቲምና ሎሚ ሞልታ፣ ሌሊቱን ሙሉ ተቀምጣ። ደወሌ ላይ ፈታሹ ቲማቲሙን አገላብጦ፣ ድስቱን አንኳኩቶ «ምን ልትሠሪበት ነው?» አላት። «የሰው ዕቃ ልመልስ» አለችው። ሳቀና አለፈ።

ኤዶን ስናገኛት መጀመሪያ ያቀፈችው እናቴን ነው፤ ቀጥላ ጣቷን በድስቱ ውስጥ አዞረችና አየችው። ዝገት አልነበረም። ያኔ ነው ያለቀሰችው። ድስቱን ግን አልወሰደችም። «እኔ እዚህ ዕቃው ሞልቶልኛል፤ የሚቸግረው አንቺን ነው» ብላ ስታርችና ሄል ሞልታ መለሰችልን። እናቴ ግማሹን ለገና አስቀርታ ግማሹን ቀፊራ ገበያ ሸጠችው። በዚያ ብር ሎሚ ገዝታ በወሩ ተመልሳ ሄደች። እኔ በንግድ ዲፕሎማ ስማር ስለ መነሻ ካፒታል የሚያወራ ምዕራፍ ነበረን፤ የኛ ቤት መነሻ ካፒታል አንድ ድስት ሄል እንደነበር ለአስተማሪዬ ብነግረው አያምነኝም ነበር።

ኤዶ አልተመለሰችም፤ እዚያው ጅቡቲ አረፈች። እናቴም ከሁለት ዓመት በፊት አረፈች። በ2009 ዓ.ም. የተመረቀው አዲሱ ባቡር ከከተማ ውጭ ነው የሚያልፈው። ጅቡቲ የምገዛው የሄል ጆንያ ላይ ደግሞ ጓቲማላ የሚል ማንበብ ጀምሬአለሁ፤ ለካ ዛሬ ለዓለም ገበያ ሄል በብዛት የምትልከው እሷ ኖራለች። ድሮ ሄል ሲባል ሕንድ ነበር። ድስቱ ያው ነው፤ የሚገባበት ነገር ግን መንገዱን ይቀያይራል።

እናቴ ካረፈች በኋላ የመጀመሪያውን ገና ሃልዋውን እኔ ሠራሁ፤ ተበላሸ። ስታርቹን በቀዝቃዛ ውኃ ሳልበጠብጥ የሚፈላ ስኳር ላይ ጨመርኩት፤ ጓጎለ። እሳቱንም አበዛሁት፤ ከሥር አረረ። እናቴ ልኬቷን ጽፋ አታውቅም፤ «ዓይንሽ ይነግርሻል» ነበር መልሷ። ልጄ «እማዬ፣ ለምን ከሱቅ አንገዛም?» አለችኝ። ነጋዴ ነኝና ሂሳቡን ሠራሁት። ስኳሩን፣ ዘይቱን፣ ከሰሉን፣ የአራት ሰው ጉልበት ስደምር የሱቁ ይረክሳል። ለልጄም እውነቱን ነገርኳት። ቀጥዬ አንድ ነገር ጠየቅኳት፤ «ከሱቅ ብንገዛ ያ ሁሉ ሰዓት የት እንሆናለን?» ወንድሜ ሐርጌሳ፣ እህቴ ናይሮቢ፣ እኔ መንገድ ላይ ነን፤ በዓመት አንዴ ድሬ ስንገናኝ ስልካችንን አስቀምጠን የምንቆመው ማማሰያ ስንቀባበል ብቻ ነው። መልስ አልሰጠችኝም፤ ሄዳ የሱቄን ሚዛን አመጣች።

ባለፈው ገና እሷ እየመዘነች፣ እኔ እያማሰልኩ ጻፍነው። እናንተም ጋ ይቀመጥ፦

2 ኪሎ ስኳር በ1 ሊትር ተኩል ውኃ አፍሉ። 400 ግራም የበቆሎ ስታርች በ1 ሊትር ቀዝቃዛ ውኃ በጥብጣችሁ፣ እሳቱን ዝቅ አድርጋችሁ፣ እያማሰላችሁ ቀስ በቀስ ጨምሩ። ቀይ የምግብ ቀለም ከፈለጋችሁ ጥቂት ጠብ አድርጉ። ሲወፍር ግማሽ ሊትር ዘይት በጭልፋ በጭልፋ ጨምሩ፤ አንዱ ሳይዋጥ ሌላውን አትጨምሩ። ማማሰል እንዳታቆሙ። ከድስቱ ግድግዳ ሲላቀቅና ዘይቱን መልሶ መትፋት ሲጀምር ደርሷል። የተወቀጠ ሄል ሁለት የሾርባ ማንኪያ፣ የተፈጨ ገውዝ አንድ የሻይ ማንኪያ፣ ከወደዳችሁ የተቆላ ለውዝ ጨምራችሁ ዘይት በተቀባ ትሪ ላይ ገልብጡት። ሲበርድ ቁረጡት።

የመጀመሪያው ሳህን ለጎረቤት ነው የሚሄደው፤ ኤዶ ታደርግ የነበረውም እንደዚያ ነው። ልጄ ደብተሩ መጨረሻ ላይ በራሷ እጅ አንድ መስመር ጨምራለች፤ «ድስቱን አጥበሽ ዘይት ቀቢው» ይላል።

ጅግጅጋ፣ ሐርጌሳ፣ ናይሮቢ ያላችሁ፣ እናንተ ቤት በዓል ሲደርስ ምን ይማሰላል? ከማንስ ተማራችሁት? እናቶቻችሁ በሕይወት ካሉ ሚዛን ይዛችሁ አጠገባቸው ቁሙ። መልካም በዓል።