ከዋጋው ጋር የተቀነሰው፦ የርካሽ ላፕቶፕ አጭር ታሪክ

ርካሽ ላፕቶፕን መመዘን፣ ማለትም በዝቅተኛ ዋጋ የሚሸጥ ተንቀሳቃሽ ኮምፒውተር ለደብዳቤ፣ ለሒሳብ ሠንጠረዥ፣ ለኢንተርኔትና ለአነስተኛ ንግድ ሥራ ይበቃ እንደሆነና እንዳልሆነ መለየት፣ የብዙ ሰው ጥያቄ የሆነው ከ21ኛው መቶ ክፍለ ዘመን መግቢያ ወዲህ ነው። በ1981 (ዓመታቱ ሁሉ እንደ ጎርጎርዮሳውያን አቆጣጠር ናቸው) ለገበያ የቀረበው ኦስቦርን 1፣ 11 ኪሎ ግራም ያህል እየመዘነ በ1,795 የአሜሪካ ዶላር ይሸጥ ነበር፤ በቀጣዮቹ ዐሥርት ዓመታት መሣሪያው እየቀለለና እየቀጠነ ቢሄድም፣ ተመሳሳይ ጉልበት ካለው የጠረጴዛ ኮምፒውተር በላይ ማስከፈሉ ስላልቀረ፣ ላፕቶፕ የድርጅቶችና አቅም ያላቸው ሰዎች ዕቃ ሆኖ ቆየ።

ይህን ሥርዓት የነቀነቀው ከገበያው ውጭ የመጣ ሐሳብ ነው። የማሳቹሴትስ ቴክኖሎጂ ኢንስቲትዩት ምሁር የሆነው ኒኮላስ ኔግሮፖንቴ በ2005 መጀመሪያ ዳቮስ ላይ፣ በታዳጊ አገሮች ላሉ ሕፃናት የሚታደል የ100 ዶላር ላፕቶፕ እንደሚሠራ አስታወቀ፤ በዚያው ዓመት ኅዳር ወር ቱኒስ ላይ ከኮፊ አናን ጋር ሆኖ በእጅ በሚዞር ዘንግ ኤሌክትሪክ የሚያመነጨውን አረንጓዴ ናሙና ለዓለም አሳየ። ኤክስ ኦ የተባለው መሣሪያ በ2007 መጨረሻ በብዛት መመረት ሲጀምር ዘንጉ ቀርቶ ነበር፣ ዋጋውም ወደ 188 ዶላር ተጠግቶ ነበር። ያም ሆኖ ሜሪ ሉ ጄፕሰን የነደፈችው ስክሪኑ በጠራራ ፀሐይ ጭምር ይነበብ ነበር፤ በዋጋ በብዙ እጥፍ የሚበልጡት ላፕቶፖች እንኳ ይህን አልቻሉትም። ኢትዮጵያም ከተቀባዮቹ አገሮች አንዷ ነበረች፤ ለአማርኛ የተዘጋጀው ኪቦርድ የግዕዝ ፊደላት በቁልፎቹ ላይ የታተሙበት በመሆኑ፣ አማርኛ ተናጋሪ ሕፃን ሌላ ፕሮግራም ሳይጫንለት በቋንቋው የሚጽፍበት ርካሽ ላፕቶፕ ሊገኝ ቻለ። ይህ ቀላል ነገር አልነበረም፤ በዚያው ጊዜ የመጣው የንግድ ምርት ያንን ለማሟላት ዘግይቷል።

የንግዱ ምርት በ2007 በታይዋኑ አሱስ ኩባንያ የቀረበው ኢ ፒሲ 701 ነው። መጀመሪያ 199 ዶላር ይሸጣል የተባለው ይህ መሣሪያ ገበያ ሲወጣ ታዋቂው ዓይነቱ 399 ዶላር ደረሰ። ክብደቱ ከ1 ኪሎ ግራም በታች፣ ስክሪኑ 7 ኢንች፣ ማከማቻው (ፋይሎችና ፕሮግራሞች የሚቀመጡበት ክፍል) 4 ጊጋባይት ብቻ ነበር። ክዳኑ ሲከፈት ዓይን የሚያርፈው በስክሪኑ ግራና ቀኝ በተተከሉት ድምፅ ማጉያዎች ላይ ነው፤ ስክሪኑ በአግድም 800 ነጥቦች ብቻ ስለነበሩት፣ ለ1024 ነጥብ ታስቦ የተሠራ ድረ ገጽ በስፋቱ አይገባም ነበር፤ አንባቢው መስመሩን ለመጨረስ ገጹን ወደ ጎን መግፋት ነበረበት። የዚያ ዘመን መዛኞች አብዝተው የሚከራከሩት ስለ ፕሮሰሰሩ ማለትም ስለ ኮምፒውተሩ አስሊ ክፍል ፍጥነት ቢሆንም፣ ተጠቃሚውን ዕለት ዕለት የሚያደክመው የስክሪኑ ጥበትና የቁልፎቹ ማነስ ነበር።

በ2008 ኢንቴል አተም የተባለውን አነስተኛ ኃይል የሚፈጅ ፕሮሰሰር ሲያወጣ ኔትቡክ የሚባለው የትናንሽ ላፕቶፖች ገበያ ተጥለቀለቀ። ማይክሮሶፍት መስኩን ሊኑክስ ለተባለው ነጻ ሥርዓተ ክወና ላለመልቀቅ፣ ከሽያጭ ሊያወጣው የነበረውን ዊንዶውስ ኤክስፒ ለእነዚህ መሣሪያዎች ብቻ አቆየው፤ ነገር ግን ፈቃዱን በራም መጠን ገደበው። ራም ኮምፒውተሩ በመሥራት ላይ ያለውን ነገር ለጊዜው የሚይዝበት ክፍል ሲሆን፣ ገደቡ 1 ጊጋባይት በመሆኑ የኔትቡክ አቅም ከምህንድስናው ይልቅ በውል ተወሰነ ማለት ይቻላል። ለአማርኛ ጸሐፊ ደግሞ ሌላ ጉድለት ነበረበት፤ የግዕዝ ፊደል በ1999 በዩኒኮድ፣ ማለትም የዓለም ፊደላት በጋራ በተቆጠሩበት ሥርዓት፣ ቢካተትም ኤክስፒ ፊደሉን የሚያሳይ ፎንት ይዞ አልመጣም፤ ኒያላ የተባለውን ፎንት የያዘው ቪስታ ደግሞ ለኔትቡክ እጅግ ከባድ ነበር።

አይፓድ በ2010 ከመጣ በኋላ የኔትቡክ ገበያ በፍጥነት ተዳከመ፤ ርካሹ ላፕቶፕ ግን በሌላ መልክ ተመለሰ። በ2011 ሥራውን በአብዛኛው በኢንተርኔት ላይ የሚያከናውነው ክሮምቡክ ለሽያጭ ቀረበ፣ በ2014 ደግሞ ኤችፒ 200 ዶላር ገደማ የሚያወጣውን ስትሪም 11 አወጣ። የዚህኛው 2 ጊጋባይት ራምና 32 ጊጋባይት ማከማቻ በዋናው ሰሌዳ ላይ የተበየዱ በመሆናቸው በኋላ ማሳደግ አይቻልም ነበር፤ ዊንዶውስ ራሱ ብዙውን ቦታ ስለሚወስድ፣ ባለቤቱ ፎቶዎቹንና ሰነዶቹን አጥፍቶም ቢሆን ትልልቆቹን ማሻሻያዎች ለመጫን ይቸገር ነበር። በርካሽ ላፕቶፕ ታሪክ ውስጥ ገዢውን ከሁሉ በላይ የበደለው ቅነሳ ይህ ነው፤ ፍጥነት ቢያንስ በትዕግሥት ይታለፋል፣ የተበየደ ጠባብ ማከማቻ ግን ጤነኛውን መሣሪያ ያለ ዕድሜው ከጥቅም ያወጣዋል።

በዚህ ምክንያት የገዢዎች ትኩረት ከአዲሱ ርካሽ ወዳገለገለው ደህና ዕቃ አዘነበለ። በውጭ አገር ድርጅቶች ጥቂት ዓመታት ተሠርቶባቸው የሚወገዱት የዴል ላቲቲዩድ፣ የኤችፒ ኤሊትቡክና የሌኖቮ ቲንክፓድ ላፕቶፖች፣ ብዙዎቹ ራማቸውና ማከማቻቸው የሚቀየር፣ ኪቦርዳቸውም ለቀን ሙሉ ጽሕፈት የተሠራ በመሆኑ፣ በአዲስ አበባ ሱቆችም የሚፈለጉ ሆነዋል። ሻጩ የኢንቴልን ፕሮሰሰር «ኮር አይ ፋይቭ» ብሎ ሲጠራ ገዢው «ስንተኛ ጀነሬሽን?» ማለትም ስንተኛ ትውልድ ብሎ መጠየቁ ተገቢ ነው፤ በ2021 የወጣው ዊንዶውስ 11 ቢያንስ 4 ጊጋባይት ራምና 64 ጊጋባይት ማከማቻ ከመጠየቁም በላይ፣ ከኢንቴል ፕሮሰሰሮች በጥቅሉ ከ8ኛው ጀነሬሽን በፊት ያሉትን አይቀበልም። ዊንዶውስ 10 መደበኛ ድጋፉ ኦክቶበር 14 ቀን 2025 ስላበቃ፣ 7ኛውንና ከዚያ በታች ያለውን የሚገዛ ሰው የባትሪውን ጤንነት ከመመርመር ጋር፣ ሊኑክስ ለመጫን ፈቃደኛ መሆን አለመሆኑንም አስቀድሞ መወሰን ይኖርበታል።