ገመዱ ከቀረ በኋላ፦ የገመድ አልባ ስልክ ባትሪ ታሪክ

ባለ ገመዱ የቤት ስልክ ባትሪ አያውቅም፤ የሚሠራበት 48 ቮልት ገደማ ኤሌክትሪክ ከስልክ ጣቢያው በዚያው በመስመሩ ይመጣለታል። ገመዱ ሲቀር ግን መነጋገሪያው ስንቁን ይዞ መዞር ግድ ሆነበት።

አሜሪካዊው ጆርጅ ስዊገርት በገመድ አልባ ስልክ የፈጠራ መብት ያገኘው እ.ኤ.አ. በ1969 ሲሆን፣ ስልኩ በየቤቱ የገባው በ1980ዎቹ ነው። ስንቁ ከስልኩ በብዙ ይቀድማል። ስዊድናዊው ቫልደማር ዩንግነር የኒኬል ካድሚየም ባትሪን የሠራው በ1899 ነበር። ያ ባትሪ ፈሳሽ የያዘ፣ ቻርጅ ሲደረግ ጋዝ የሚተፋ፣ በየጊዜው ውሃ የሚጨመርበት ስለነበር ጆሮው ላይ ሊለጥፈው የሚደፍር አይኖርም። ነገሩን የለወጠው በ1947 ሙሉ በሙሉ የታሸገ ባትሪ መሠራቱ ነው። ባትሪው ሞልቶ ሲተርፈው በአንዱ ዋልታ የሚፈጠረው ኦክስጅን ወደ ሌላው ተሻግሮ እዚያው ይዋጣል፤ ጋዙ ይጠፋል፣ ሙቀቱ ይቀራል። መነጋገሪያው ሌሊቱን ሙሉ ማስቀመጫው ላይ ቢያድር የማይፈነዳው፣ ጠዋት ሲያነሱትም ለብ ብሎ የሚገኘው ለዚህ ነው።

የ1980ዎቹን ስልክ የጀርባ ክዳን የከፈተ ሰው ብዙውን ጊዜ የሚያገኘው በፕላስቲክ አብረው የተጠቀለሉ ሦስት ትናንሽ ባትሪዎችን፣ ቀይና ጥቁር ሽቦ፣ በሽቦው ጫፍም ትንሽ መሰኪያ ነው። እያንዳንዳቸው 1.2 ቮልት፣ ሦስቱ 3.6 ቮልት ይሰጣሉ። ኋላ የመጡት አብዛኞቹ ስልኮች ሽቦውን ትተው ሁለት ቀጫጭን ባትሪዎች ይዘዋል። መልካቸው ከተራው ባትሪ ድንጋይ ጋር አንድ መሆኑ ብዙ ሰው አሳስቷል። 1.5 ቮልት የሆነው ተራ ድንጋይ ቦታው ላይ ልክ ይገባል፤ ማስቀመጫው ግን ሳይለይ ቻርጅ ሊያደርገው ስለሚሞክር ያፈስሳል፣ ሊፈነዳም ይችላል።

የካድሚየም ችግር መርዝነቱ ነው። በጃፓን ቶያማ አውራጃ በጂንዙ ወንዝ ዳር የነበሩ ገበሬዎችን አጥንት ያኮሰመነው በሽታ ከማዕድን ማውጫ በወጣ ካድሚየም የመጣ መሆኑን የአገሪቱ መንግሥት በ1968 አምኗል። በ1980ዎቹ መጨረሻ ለገበያ የበቃው የኒኬል ሜታል ሃይድራይድ ባትሪ ካድሚየም የለበትም፣ በዚያ ላይ በዚያው መጠን ብዙ ኃይል ይይዛል። የአውሮፓ ኅብረት በ2006 ባወጣው መመሪያ ካድሚየምን ከጥቂት አገልግሎቶች በስተቀር ከተንቀሳቃሽ ባትሪዎች አገደ። የአዲሱ ባትሪ ጉድለት ሳይነካ ተቀምጦም ኃይሉ የሚያልቅ መሆኑ ነበር፤ የጃፓኑ ሳንዮ በ2005 ያወጣው ኤነሉፕ ይህን በእጅጉ ቀነሰው።

«ሙሉ በሙሉ ሳያልቅ ቻርጅ አታድርጉት» የሚለው ምክር የካድሚየም ዘመን ቅሪት ነው። ያኔም ቢሆን ከልክ በላይ ተጋንኗል፤ ለዛሬው ባትሪ ደግሞ እስከ መጨረሻው ማራቆት ራሱ ጉዳት ነው።

የሁለቱም ዓይነት ባትሪዎች ቮልት አንድ በመሆኑ፣ አሮጌ ስልክ ቮልቱና መሰኪያው የሚገጥም የሃይድራይድ ባትሪ ይቀበላል። ማስቀመጫው ቀስ ብሎ ስለሚሞላ የመጀመሪያው ቻርጅ 16 ሰዓት ያህል ይፈልጋል። ባትሪዎቹ የሚቀየሩት ሁሉም አንድ ላይ ነው፤ ደካማው ቀድሞ ሲያልቅ ጠንካራው ኤሌክትሪኩን በግድ እያሳለፈበት ዋልታውን ይገለብጠዋል። የወጣው አሮጌ ባትሪ ካድሚየም ካለበት ከቤት ጥራጊ ጋር አይጣልም።