«ካቬሬት»፦ ተለያይቶ እንደገና የተገናኘው የሙዚቃ ቡድን

በሬዲዮ አንድ የድሮ የዕብራይስጥ ዘፈን ሲለቀቅ ጎረቤቶቻችሁ ከመጀመሪያው ቃል ጀምረው አብረው ሲዘፍኑ አይታችሁ ይሆናል። እንዲህ ከሚዘፈኑት መካከል የ«ካቬሬት» ዘፈኖች ይገኙበታል። ቃሉ በዕብራይስጥ የንብ ቀፎ ማለት ነው። ቡድኑ መጀመሪያ አብሮ የቆየው ሦስት ዓመት ያህል ብቻ ነው። ሕዝቡ ግን ለአርባ ዓመት ሳይረሳቸው ኖሯል። ለምን ይሆን? (ዓመቶቹ በሙሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።)

አባላቱ እነማን ነበሩ?

ሰባት ነበሩ። ዳኒ ሳንደርሰን፣ ይፅሐቅ ክለፕተርና ኤፍራይም ሻሚር ጊታር ይመቱ ነበር። አሎን ኦሌአርቺክ ቤዝ ጊታር፣ ዮኒ ሬክተር ፒያኖ፣ ሜኢር ፌኒግሽታይን ድራም ይጫወቱ ነበር። ጊዲ ጎቭ ድምፃዊ ነበር፤ ሌሎቹም ይዘፍኑ ነበር። ብዙዎቹ የተዋወቁት በወታደርነታቸው ጊዜ፣ በናሐል የሙዚቃ ጓድ ውስጥ ነው።

የመጀመሪያው አልበማቸው የወጣው በ1973፣ የዮም ኪፑር ጦርነት በተካሄደበት ዓመት ነው። አገሩ ሐዘን ላይ ነበር። የእነርሱ ዝግጅት ግን በሮክ ሙዚቃው መካከል ቀልድና ጭውውት የሚገባበት ስለነበር፣ ያዘነው ሰው ጥቂት ሳቀ። በ1974 በእንግሊዝ አገር፣ በብራይተን ከተማ በተደረገው የዩሮቪዥን ውድድር «ናታቲ ላ ሐያይ» (ሕይወቴን ሰጠኋት) በሚለው ዘፈን እስራኤልን ወክለው 7ኛ ወጡ። ሦስት አልበም ካወጡ በኋላ በ1976 ተለያዩ።

ከተለያዩ በኋላ

እያንዳንዱ የየራሱን መንገድ ያዘ። ጊዲ ጎቭ በቴሌቪዥን ታዋቂ ሆነ። ፌኒግሽታይን በአሜሪካ የእስራኤል ፊልም ፌስቲቫልን አቋቋመ። ዮኒ ሬክተር «ሀኬቬስ ሀሺሻ ዓሳር» (አሥራ ስድስተኛው በግ) የተባለውን የልጆች አልበም ዜማ ሠራ። ልጆቻችሁ ወይም የልጅ ልጆቻችሁ ከጋን ሲመለሱ ከእነዚህ መዝሙሮች አንዱን ሲያንጎራጉሩ ሰምታችሁ ከሆነ፣ ሳታውቁት ከካቬሬት ሰው ጋር ተዋውቃችኋል።

እንደገና የተገናኙባቸው ጊዜያት

በ1984 ሰባቱም አንድ መድረክ ላይ ወጡ፤ በቴል አቪቭ ፓርክ ሀያርኮንም እጅግ ብዙ ሕዝብ ተሰበሰበ። በዚያው ዓመት ከእኛ ብዙዎቻችን በሱዳን መንገድ ላይ ወይም በስደተኞች ሰፈር ውስጥ ነበርን። ጎረቤቶቻችን የሚያስታውሱት ያ ዓመትና እኛ የምናስታውሰው አንድ አይደለም። ቡድኑ በ1990ና በ1998ም ተገናኝቷል። የመጨረሻው በ2013 በጋ ነበር። ስንብት መሆኑ ስለተነገረ በአሥር ሺዎች የሚቆጠር ሰው ወደ ፓርክ ሀያርኮን ጎረፈ። በ2024 ይፅሐቅ ክለፕተር ስላረፈ ሰባቱ ከእንግዲህ አብረው አይቆሙም።

ሰው ለምን ይሄዳል?

በእንዲህ ያለ ዝግጅት ላይ ሰው አዲስ ዘፈን አይጠብቅም። የዘፋኞቹ ፀጉር ሸብቷል፤ ድምፃቸውም እንደ ሸክላው ዘመን አይደለም። ተመልካቹም አብሯቸው አርጅቷል። ዘፋኙ ዝም ቢል እንኳ ሕዝቡ ዘፈኑን ይጨርሰዋል። ሰው የሚሄደው የራሱን ወጣትነት ለማግኘትና የተለያዩ ሰዎች ጎን ለጎን ሲቆሙ ለማየት ነው። አንዱ አባል ቢጎድል ዘፈኑ ያው ሆኖ ሳለ ደስታው ይጎድላል። ዘመድ ከዘመድ ተለያይቶ የኖረ ሰው ይህን ለመረዳት ብዙ ማብራሪያ አያስፈልገውም።

ለማየት ከፈለጋችሁ

የልጅ ልጆቻችሁ ስልካቸው ላይ «ካቬሬት፣ ፓርክ ሀያርኮን» ብለው በዕብራይስጥ ይፈልጉላችሁ። ዕብራይስጡ ባይገባችሁም የሕዝቡን ፊት ተመልከቱ። በማግስቱም ጎረቤታችሁን «ያኔ የት ነበርክ? የት ነበርሽ?» ብላችሁ ጠይቁ። እናንተም በ1984 የት እንደነበራችሁ ንገሯቸው። አብዛኛው ሰው ጠይቆን አያውቅም፤ ቢጀመር ግን ጨዋታው ረጅም ነው።