የወረቀት አደራ

ሰው ሲሞት ሁለት ዓይነት ርስት ትቶ ያልፋል። አንዱ ቤትና መሬት፣ ገንዘብና ከብት ነው፤ ለዚህ ወራሾች ሳይጠሩ ይሰበሰባሉ፤ ባይስማሙም ዳኛ ያካፍላቸዋል። ሁለተኛው ደብዳቤው፣ ማስታወሻውና ረቂቁ ነው፤ ለዚህኛው ግን የሚሟገት ወራሽ ብዙ ጊዜ አይገኝም። ሣጥኑ ለልብስ ሲፈለግ ወረቀቱ ይወጣል፤ ለእሳት መለኮሻ ወይም ለሱቅ መጠቅለያ ይሆናል። ነገር ግን የሟቹ አሳብ የተቀመጠው በሁለተኛው ርስት ውስጥ ነው።

የዚህን ነገር ጥቅምና ጉዳት ለማወቅ የብላቴን ጌታ ኅሩይ ወልደ ሥላሴን ሕይወት መመልከት ይበቃል። እርሳቸው በ1870 ዓ.ም. በሸዋ፣ በመርሐ ቤቴ ተወለዱ። ከቤተ ክህነት ትምህርት ተነሥተው ደራሲና ባለቅኔ፣ አሳታሚ፣ በኋላም የውጭ ጉዳይ ሚኒስትር ሆኑ። ጎሐ ጽባሕ የሚባል ማተሚያ ቤትም አቋቋሙ። ከሁሉ ይልቅ የሚያስመሰግናቸው ግን የራሳቸውን ድርሰት ብቻ ሳይሆን የሌላውንም ሰው ሥራ ከመጥፋት ለማዳን መድከማቸው ነው። በ1904 ዓ.ም. በኢትዮጵያ የሚገኙትን የግዕዝና የአማርኛ መጻሕፍት ዝርዝር አሳተሙ። በ1915 ዓ.ም. የታወቁ ሰዎችን የሕይወት ታሪክ ሰብስበው አወጡ፤ በአርእስቱም መጽሐፉ በኋላ ጊዜ ለሚነሡ ልጆች ማስታወቂያ መሆኑን ገለጡ። በ1918 ዓ.ም. ደግሞ የሊቃውንትን ቅኔ በአንድ መጽሐፍ አሰባሰቡ። ቅኔ በአንድ በዓል ተሰምቶ የሚያልፍ፣ ሰሚው ካልያዘው ከተቀኘው ሰው ጋራ የሚቀበር ነገር ነው፤ እርሳቸው ግን በወረቀት ላይ አሰሩት።

እኒህ ሰው ለድሬዳዋ እንግዳ አልነበሩም። የባቡሩ ሐዲድ ከጅቡቲ ተነሥቶ ድሬዳዋ የደረሰው በ1895 ዓ.ም. ሲሆን፣ ወደ ባሕር የሚወርደው መንገደኛ ሁሉ በዚህች ከተማ ያልፍ ነበር። ብላቴን ጌታ ኅሩይ በ1903 ዓ.ም. ለእንግሊዝ ንጉሥ ለጆርጅ አምስተኛ የዘውድ በዓል ወደ ሎንዶን ሄዱ። በ1916 ዓ.ም. ከአልጋ ወራሽ ከራስ ተፈሪ ጋራ አውሮፓን ጐበኙ። በ1924 ዓ.ም. ወደ ጃፓን ተላኩ። ከጉዞ ሲመለሱም ያዩትን ጽፈው ላልተጓዘው ሕዝብ ያካፍሉ ነበር።

በመጨረሻ በዚሁ ሐዲድ ያለፉት ግን በኀዘን ነው። የኢጣልያ ጦር ወደ አዲስ አበባ ሲቃረብ፣ ሚያዝያ 24 ቀን 1928 ዓ.ም. ንጉሠ ነገሥቱ በባቡር ሲሰደዱ እርሳቸውም አብረው ወጡ። በዚያ ጊዜ የደከሙበት የኢትዮጵያ ታሪክ መጽሐፍ ገና በማተሚያ ቤት ነበር፤ ሳይወጣም ቀረ። ደራሲው መስከረም 9 ቀን 1931 ዓ.ም. በእንግሊዝ አገር፣ ባዝ በምትባል ከተማ በስደት ዐረፉ። መጽሐፉ በሙሉ ታትሞ በአንባቢ እጅ የገባው በ1999 ዓ.ም. ነው። እንግዲህ ልብ በሉ፤ ቀድመው አትመው የበተኗቸው መጻሕፍት በየሰዉ ቤት ተቀምጠው ጦርነቱን አለፉ፤ በአንድ ስፍራ የቀረው ሥራ ግን ለአንባቢ ለመድረስ 70 ዓመት ያህል ዘገየ። በአንድ ቤት ብቻ ያለ ወረቀት ዕድሜው የዚያ ቤት ዕድሜ ነው።

በጎረቤታችን በሐረር ደግሞ ሌላ ምሳሌ እናገኛለን። ፈረንሳዊው ባለቅኔ አርተር ራምቦ በ1873 ዓ.ም. ወደ ሐረር መጥቶ በንግድ ሥራ ተቀመጠ። ከዚያ ለእናቱና ለእኅቱ የጻፋቸው ደብዳቤዎች ስለ ቡና፣ ስለ ገንዘብ፣ ስለ ድካምና እንዲላኩለት ስለሚፈልጋቸው የሙያ መጻሕፍት የሚናገሩ ናቸው፤ ቅኔ የለባቸውም። ሆኖም ቤተ ዘመዶቹ አልጣሏቸውም። እርሱ በ1884 ዓ.ም. በ37 ዓመቱ ከሞተ በኋላ፣ እንደ አውሮፓ አቈጣጠር በ1899 ታተሙ። ዛሬ የዚያን ዘመን ሐረር ኑሮ ለማወቅ የሚፈልግ ሁሉ ይጠቅሳቸዋል። ጠባቂዎቹ ሊቃውንት አልነበሩም፤ የገጠር ቤተ ሰብ ነበሩ።

ምናልባት አንዱ፣ «ደብዳቤ የሰው ምሥጢር ነው፤ የሟችን ገመና ለምን እንገልጣለን?» ይል ይሆናል። ይህ ቃል ቀላል አይደለም። ነገር ግን መጠበቅ ሌላ፣ መግለጥ ሌላ ነው። ገመና ያለበትን ወረቀት አሽጎ፣ ይህን ያህል ዓመት ሳይሞላ አይከፈት ብሎ ማስቀመጥ ይቻላል። የታሸገ ወረቀት ጊዜው ሲደርስ ይከፈታል፤ የተቃጠለውን ግን ማንም አይመልሰውም።

ድሬዳዋ የምድር ባቡር ሠራተኞች፣ የነጋዴዎችና የብዙ ቋንቋ ተናጋሪዎች ከተማ ሆና ኖራለች። የካቶሊክ ሚሲዮን የቅዱስ አልዓዛር ማተሚያ ቤትም በዚሁ ይሠራ ነበር። በየቤቱ ሣጥን ውስጥ የደመወዝ ደብተር፣ የንግድ ውልና የስንብት ደብዳቤ አይጠፋም። በሐምሌ 1998 ዓ.ም. መጨረሻ የደቻቱ ወንዝ በሌሊት ሞልቶ ከ200 በላይ ሰው ሲገድል፣ ቤቶችን ከነዕቃቸው ጠርጎ ወሰደ። ለሞተው ሰው ልቅሶ ተደርጓል፤ ከቤቶቹ ጋራ የሄደውን ወረቀት ግን ማን ቈጠረው?

ስለዚህ ወጣት አንባቢ ሆይ፤ ሥራው ከአንተ ቤት ይጀምር። አያትህ ዛሬ በሕይወት ካሉ፣ በፎቶግራፉ ጀርባ የሰዎቹን ስምና ዘመኑን ጠይቀህ በእርሳስ ጻፍ። ደብዳቤውን ከፖስታው አትለይ፤ ቴምብሩን አትቍረጥ። ሣጥኑን ውሃና ምስጥ ከማይደርስበት ስፍራ አንሣው። የምትችለውን ገልብጠህ አንዱን ቅጂ በሌላ ከተማ ለሚኖር ዘመድ ስጥ። ለሀገር የሚጠቅም መስሎ ከታየህም በ1936 ዓ.ም. የተከፈተው የአዲስ አበባው ቤተ መጻሕፍት ወመዘክር ወራሽ የሆነው ቤተ መዛግብት፣ ወይም በ1955 ዓ.ም. የተቋቋመው የኢትዮጵያ ጥናት ተቋም አለልህ። ብላቴን ጌታ ኅሩይ ማስታወቂያቸውን የጻፉት በኋላ ጊዜ ለሚነሡ ልጆች ነው፤ እነዚያ ልጆች እኛ ነን፤ ከእኛም በኋላ የሚነሡ አሉ።