የቀደምት የጦርና የነፍስ አድን የባሕር አውሮፕላኖች ስያሜ

ከ1920ዎቹ እስከ 1940ዎቹ (እ.ኤ.አ.) በውኃ ላይ ለሚያርፉ የጦር አውሮፕላኖች ስም የሚያወጡት መንግሥታት፣ አምራች ፋብሪካዎችና የበረራ ሠራተኞች ነበሩ። ይፋዊው ስም የአውሮፕላኑን ዓይነትና ግዳጅ ያመለክታል፤ የነፍስ አድን ሥራው መጠሪያ ግን የወጣው ከሠራተኞቹ አንደበት ነው።

ብሪታንያ
የአየር ሚኒስቴሩ ትላልቆቹን በራሪ ጀልባዎች በወደብና በባሕር ዳር ከተሞች ይሰይም ነበር፤ ሳውዝሃምፕተን (1925)፣ ሲንጋፖር፣ ራንጉን፣ ስትራንራርና ሰንደርላንድ (1937) ይገኙበታል። ሳውዝሃምፕተን የአምራቹ የሱፐርማሪን ፋብሪካ የነበረባት ከተማም ናት። ከጦር መርከብ ለሚነሱት ትናንሾቹ ደግሞ የባሕር ወፎችና እንስሳት ስም ይወጣላቸው ነበር። በ1933 ለመጀመሪያ ጊዜ የበረረው ሲጋል 5 በ1935 ወደ ብሪታንያ ባሕር ኃይል ሲገባ ዋልረስ ተባለ፤ መርከበኞች ግን «ሻግባት» እያሉ ይጠሩት ነበር።

አሜሪካና ካናዳ
የአሜሪካ ባሕር ኃይል አውሮፕላኖቹን በፊደላትና በቁጥር ይለይ ነበር። ፒ ቢ ዋይ በሚለው መለያ የመጀመሪያዎቹ ሁለት ፊደላት ቃኚ ቦምብ ጣይ መሆኑን፣ ሦስተኛው አምራቹን ኮንሶሊዴትድን ያመለክታሉ። ይህንኑ አውሮፕላን ብሪታንያ በካሊፎርኒያ ዳርቻ በምትገኘው የሳንታ ካታሊና ደሴት ስም ካታሊና አለችው፤ አሜሪካም በ1941 ስሙን ተቀበለች። ካናዳ ካንሶ ብላዋለች።

ጀርመን
ዶርኒየር በ1922 የበረረውን በራሪ ጀልባውን «ዋል»፣ ማለትም ዓሣ ነባሪ፣ ብሎታል። በኋላ ለነፍስ አድን የዋለው ዶ 24 ግን የሚታወቀው በአምራቹ ምህጻረ ቃልና በቁጥር ብቻ ነው።

በነፍስ አድን ሥራ
የከተማና የእንስሳ ስሞቹ የወጡት ለቅኝትና ለጦር ግዳጅ ቢሆንም፣ አውሮፕላኖቹ ሰው በማዳንም ስማቸውን አስጠርተዋል። ሴፕቴምበር 18 ቀን 1939 ሁለት ሰንደርላንዶች ባሕር ላይ አርፈው በቶርፒዶ የተመታችውን የኬንሲንግተን ኮርት መርከብ 34 ሠራተኞች በሙሉ አተረፉ። ዋልረስም ባሕር ላይ የወደቁ አብራሪዎችን ያነሳ ነበር፤ ጭነቱ በዝቶ ወይም ማዕበሉ በርትቶ መነሳት ሲያቅተው፣ ሞተሩን እንዳስነሳ ውኃውን እየቀዘፈ ወደ ዳርቻ ይመለስ ነበር።

በፓስፊክ የአሜሪካ የበረራ ሠራተኞች ለነፍስ አድን የተሰማራውን ካታሊና «ደምቦ» አሉት፤ በ1941 በወጣው የዲዝኒ ፊልም ላይ ባለው በራሪ የዝሆን ግልገል ስም። ቆይቶ በየብስ የሚያርፉ ቦምብ ጣዮችም ለዚሁ ሥራ ሲሰማሩ በዚያው ስም ተጠሩ፤ ስለዚህ ደምቦ የአንድ አውሮፕላን ስም መሆኑ ቀርቶ የነፍስ አድን ግዳጁ መጠሪያ ሆነ።