የዲጂታል ማስረጃ ምርመራ፤ ጀማሪ ባለሙያና የመሥሪያ ቤት ኃላፊ ሊያውቁት የሚገባ

ሐዋሳ፦ በመንግሥት መሥሪያ ቤቶች የሚያጋጥም የገንዘብ ጉድለት፣ የሰነድ ማጭበርበር ወይም የመረጃ ስርቆት ሲጣራ ከወረቀት መዝገብ ባሻገር ኮምፒዩተርን፣ ሞባይል ስልክንና ፍላሽ ዲስክን መፈተሽ የግድ እየሆነ መጥቷል። እነዚህን መሣሪያዎች ሕግንና ሳይንሳዊ ዘዴን ተከትሎ በመመርመር ለፍርድ ቤት የሚበቃ ማስረጃ የማሰባሰብ ሙያ የኮምፒዩተር ፎረንሲክ ወይም ዲጂታል ፎረንሲክ ይባላል።

ጉዳዩ ለሐዋሳ ከተማ መሥሪያ ቤቶች የቅርብ ጉዳይ ነው። ከተማዋ ለረጅም ጊዜ የቀድሞው የደቡብ ብሔሮች፣ ብሔረሰቦችና ሕዝቦች ክልል መቀመጫ ሆና ቆይታ በ2012 ዓ.ም የተመሠረተው የሲዳማ ክልል ርእሰ ከተማ ሆናለች። የቀድሞው ክልልም በ2015 ዓ.ም ማብቂያ በአዲስ መልክ ተደራጅቷል። መሥሪያ ቤቶች ሲከፈሉና ሲዛወሩ ኮምፒዩተሮችም ከእጅ ወደ እጅ ይተላለፋሉ። በርክክብ ሰነዱ ላይ የሚሰፍረው የዕቃው ዓይነትና የመለያ ቁጥር ብቻ ከሆነ፣ ከዓመታት በኋላ አንድን ፋይል ማን እንዳዘጋጀው ጥያቄ ቢነሳ ኮምፒዩተሩ በወቅቱ በማን እጅ እንደ ነበር ማረጋገጥ ያዳግታል።

የዲጂታል መዝገብ ያለው ዋጋ በአገር አቀፍ ደረጃ ጎልቶ ከታየባቸው አጋጣሚዎች አንዱ የኢትዮጵያ ንግድ ባንክ ጉዳይ ነው። መጋቢት 6 ቀን 2016 ዓ.ም ለመጋቢት 7 አጥቢያ በባንኩ ሥርዓት ላይ በተፈጠረ ችግር ደንበኞች ከሒሳባቸው በላይ ገንዘብ ሲያወጡና ሲያስተላልፉ አድረዋል። ባንኩ ክስተቱ የሳይበር ጥቃት አለመሆኑን ገልጾ፣ ከ800 ሚሊዮን ብር በላይ በዚህ መንገድ መውሰዱን አስታውቋል። እያንዳንዱ ዝውውር በሥርዓቱ ውስጥ ተመዝግቦ ስለ ነበር ገንዘቡን ያልመለሱትን ለይቶ ስማቸውን ይፋ እስከ ማድረግ ተደርሷል።

በአገራችን የኮምፒዩተር ወንጀል በሕግ የተደነገገው በ1996 ዓ.ም በወጣው የወንጀል ሕግ ከአንቀጽ 706 እስከ 711 ነበር። እነዚህ ድንጋጌዎች በኮምፒዩተር ወንጀል አዋጅ ቁጥር 958/2008 ተተክተዋል። አዋጁ በአንድ በኩል የመንግሥት አካላት በሚያስተዳድሩት የኮምፒዩተር ሥርዓት ላይ ወንጀል መፈጸሙን ሲያውቁ እንዲያሳውቁ ግዴታ ይጥላል። በሌላ በኩል መርማሪ አካል ሊጠፋ ወይም ሊለወጥ ይችላል ተብሎ የሚታመን ዳታ ተጠብቆ እንዲቆይ በጽሑፍ ሊያዝ እንደሚችል ይደነግጋል። የማቆያው ጊዜ ከሦስት ወር የማይበልጥ ሲሆን፣ ለአንድ ጊዜ ብቻ ለተጨማሪ ሦስት ወር ሊራዘም ይችላል። ኮምፒዩተር ለመበርበርና ለመያዝ ግን የፍርድ ቤት ትእዛዝ ያስፈልጋል። ማስረጃ ያቀረበ ወገንም ትክክለኛነቱን የማስረዳት ሸክም አለበት።

ይህ ሸክም ከባድ የሚሆነው ማስረጃው መርማሪው ከመድረሱ በፊት ከተነካ ነው። ጉድለት የተጠረጠረበት ኮምፒዩተር በቅን ልቦናም ቢሆን ከተከፈተና ፋይሎቹ ከታዩ፣ በውስጡ የተመዘገቡ ጊዜያት ሊለወጡ ይችላሉ። በመሆኑም የሙያው የመጀመሪያ ትምህርት አለመንካት ነው። የጠፋ ኮምፒዩተር አይበራም። የበራው ደግሞ ያለ ባለሙያ ምክር አይጠፋም፤ በጊዜያዊ ማኅደረ ትውስታው ያለው መረጃ ኃይል ሲቋረጥ ይጠፋልና። በስክሪኑ ላይ የሚታየው ፎቶግራፍ ይነሣል፤ መሣሪያውን ማን፣ መቼ፣ ከማን እንደ ተረከበው በጽሑፍ ይያዛል።

ባለሙያው በበኩሉ ምርመራውን የሚያካሂደው በዋናው ዲስክ ላይ ሳይሆን ምንም ሳይቀር በተገለበጠ ቅጂ ላይ ነው። በሚገለበጥበት ጊዜ በዋናው ላይ ምንም እንዳይጻፍ የሚያግድ መሣሪያ ይጠቀማል። ቅጂው ከዋናው ጋር አንድ መሆኑን የሚያረጋግጠው ሀሽ በተባለ የሒሳብ ቀመር ነው። ለምሳሌ ሻ-256 የተባለው ቀመር ለማንኛውም ፋይል በ64 የፊደልና የአኃዝ ምልክቶች የሚጻፍ አሻራ ይሰጣል፤ በፋይሉ ውስጥ አንዲት ነጥብ ብትለወጥ አሻራው ፈጽሞ ሌላ ይሆናል።

የተሰረዘ ፋይልም ሁልጊዜ ጠፋ ማለት አይደለም። እ.ኤ.አ. በ2005 በአሜሪካ ካንሳስ ግዛት ለ30 ዓመታት ያህል ሲፈለግ የነበረ ነፍሰ ገዳይ የተያዘው ለቴሌቪዥን ጣቢያ በላከው ፍሎፒ ዲስክ ላይ ከተሰረዘ ሰነድ ውስጥ የአንድ ቤተ ክርስቲያንና የራሱ መጠሪያ ስም በመገኘታቸው ነው። በአዳዲሶቹ ኤስኤስዲ ዲስኮች ላይ ግን የተሰረዘው በአጭር ጊዜ ሙሉ በሙሉ ሊጠፋ ስለሚችል መዘግየት ጉዳት አለው።

የኢትዮጵያ ጀማሪ መርማሪ በውጭ አገር መጻሕፍት የማያገኛቸው ሁለት ነገሮች አሉ። የመጀመሪያው የጊዜ አቆጣጠር ነው። የዊንዶውስ ኮምፒዩተሮች በአብዛኛው የሚጠቀሙበት ኤንቲኤፍኤስ የተባለው የፋይል ሥርዓት ጊዜን የሚመዘግበው ከኢትዮጵያ በሦስት ሰዓት ወደ ኋላ በሆነው ዓለም አቀፍ ሰዓት ነው። በበርካታ ፍላሽ ዲስኮች ላይ ያለው ፋት ግን የኮምፒዩተሩን የአካባቢ ሰዓት ይመዘግባል። አንድ ፋይል በኤንቲኤፍኤስ እ.ኤ.አ. ኦክቶበር 11 ቀን 2023 በ22፡15 ተፈጠረ ቢል፣ በእኛ አቆጣጠር ለጥቅምት 1 ቀን 2016 ዓ.ም አጥቢያ ከሌሊቱ 7፡15 ማለት ነው። ልዩነቱን ያላስተዋለ ከምሽቱ 4፡15 ብሎ ቢያነበው፣ በዚያ ሰዓት በቢሮው የነበረ ንጹሕ ሠራተኛ ሊጠረጠር ይችላል። የውስጥ ባትሪው የደከመ ኮምፒዩተርም ቀኑን ስለሚያዛባ የሰዓቱ ትክክለኛነት አስቀድሞ መመዝገብ ይኖርበታል።

ሁለተኛው የአማርኛ ጽሑፍ ነው። የግዕዝ ፊደል በዩኒኮድ መለያ የተካተተው እ.ኤ.አ. በ1999 ሲሆን፣ ቪዡዋል ግዕዝን በመሳሰሉ ቀደምት ሶፍትዌሮች የተጻፉ የቢሮ ሰነዶች በዩኒኮድ በሚደረግ ፍለጋ አይገኙም። ስሞችም በሀ፣ ሐ እና ኀ፣ በሰ እና ሠ፣ በአ እና ዐ፣ በጸ እና ፀ ተለዋውጠው ስለሚጻፉ መርማሪው ሁሉንም አጻጻፍ መሞከር አለበት።

ሙያውን መማር ለሚፈልግ የፋይል ሥርዓትን፣ የኔትወርክ አሠራርንና የወንጀል ሥነ ሥርዓት ሕግን መሠረታዊ ዕውቀት መያዝ ቀዳሚ ነው። በ1992 ዓ.ም ደቡብ ዩኒቨርሲቲ በሚል ስያሜ የተቋቋመው የሐዋሳ ዩኒቨርሲቲ ሕግንም ኮምፒዩተር ሳይንስንም ስለሚያስተምር በከተማዋ ለሚገኙ ሠራተኞች ሁለቱ ዕውቀቶች ሩቅ አይደሉም። አውቶፕሲ የተባለው የምርመራ ሶፍትዌር ያለ ክፍያ የሚገኝ ሲሆን፣ የአሜሪካ የደረጃዎችና ቴክኖሎጂ ተቋምም ለልምምድ የተዘጋጁ የዲስክ ቅጂዎችን በነፃ ያቀርባል።

ልምምዱ በራስ መሣሪያ ላይ ብቻ ሊሆን ይገባል። በአዋጁ አንቀጽ 3 መሠረት ያለ ፈቃድ ወይም ከተሰጠ ፈቃድ በማለፍ የሌላን ኮምፒዩተር ማግኘት ከሦስት ዓመት በማይበልጥ ቀላል እስራት ወይም ከ30 ሺህ እስከ 50 ሺህ ብር በሚደርስ መቀጮ ወይም በሁለቱም ያስቀጣል፤ ኮምፒዩተሩ የሕግ ሰውነት ያለው ተቋም ሲሆን ቅጣቱ ይከብዳል። የመሥሪያ ቤት ኃላፊዎችም ችግር ከመፈጠሩ በፊት ኮምፒዩተሮች የሚሰጡበትንና የሚመለሱበትን መዝገብ በተጠቃሚ ስምና በቀን ማደራጀት፣ ለእያንዳንዱ ሠራተኛ የየራሱን የይለፍ ቃል መስጠትና ጥርጣሬ ሲኖር መሣሪያውን አሽገው ለሕግ አካል ማሳወቅ ይጠበቅባቸዋል።