ዳኛ በድምፅ ሲሾም

(በዚህ ጽሑፍ የተጠቀሱት ዓመታት ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።)

በቴክሳስ ግዛት የሚኖር መራጭ በኖቬምበር ወር ወደ ምርጫ ጣቢያ ሲሄድ የሚጠብቀው የስም ዝርዝር እጅግ ረጅም ነው። አገረ ገዥውን፣ ምክትሉን፣ ጠቅላይ ዐቃቤ ሕጉን፣ የሒሳብ ተቆጣጣሪውን፣ የመሬትና የእርሻ ጉዳይ ኮሚሽነሮቹን ለየብቻ ይመርጣል። የምክር ቤት አባላትንም ይመርጣል። ወረቀቱ ግን በዚህ አያበቃም፤ ወደ ዳኞች ይሸጋገራል። ግዛቲቱ ሁለት የበላይ ፍርድ ቤቶች አሏት፤ አንዱ ለፍትሐ ብሔር፣ ሌላው ለወንጀል ክርክር የመጨረሻ ሰሚ ነው። በእያንዳንዳቸው ዘጠኝ ዘጠኝ ዳኞች ይቀመጣሉ። አሥራ ስምንቱም በየተራቸው በመላው ግዛት ሕዝብ ድምፅ ይመረጣሉ፤ ከስማቸው ጎንም የፓርቲያቸው ስም ይጻፋል።

ይህ አሠራር ከአዲስ አበባ ወይም ከናይሮቢ ለሄደ ሰው እንግዳ ነው። ዳኛ እንደ ምክር ቤት ተወዳዳሪ «ምረጡኝ» እያለ አደባባይ ይወጣልን? ዛሬ ድምፅ የለመነ ሰው፣ ነገ ድምፁን የሰጠውንና የነፈገውን በእኩል ዐይን ያያልን? ጥያቄዎቹ ለአሜሪካውያንም አዲስ አይደሉም። ወደ ሁለት መቶ ዓመት ለሚጠጋ ጊዜ ተከራክረውባቸዋል፤ ክርክሩም እስከ ዛሬ እልባት አላገኘም። ውሃ ከጥሩ፣ ነገር ከሥሩ እንዲሉ፣ ነገሩን ለመረዳት ወደ መነሻው መመለስ ያስፈልጋል።

ከንጉሥ እጅ ወደ ሕዝብ እጅ

አሥራ ሦስቱ ቅኝ ግዛቶች በ1776 ነጻነታቸውን ሲያውጁ በእንግሊዝ ንጉሥ ላይ ከዘረዘሯቸው ክሶች አንዱ ዳኞችን የሚመለከት ነበር። ንጉሡ የዳኞችን የሥራ ዘመንና ደመወዝ በራሱ ፈቃድ ላይ ብቻ አንጠልጥሎታል የሚል ነበር ክሱ። ስለዚህ አዲሶቹ ግዛቶች ዳኛ የመሾሙን ሥልጣን ከአንድ ሰው እጅ አውጥተው፣ ገሚሶቹ ለሕግ አውጪው ምክር ቤት፣ ገሚሶቹም ለአገረ ገዥውና ለአማካሪዎቹ ሰጡት። በ1787 የተረቀቀው የፌዴራል ሕገ መንግሥትም ዳኞችን ፕሬዚዳንቱ እንዲመርጥ፣ ሴኔቱ እንዲያጸድቅ፣ መልካም ጠባይ እስካሳዩ ድረስም በወንበራቸው እንዲቆዩ ደነገገ። የፌዴራል ዳኞች አሿሿም ዛሬም ይኸው ነው። በግዛቶች ግን ታሪኩ ሌላ መንገድ ያዘ።

ዳኞቿን ሁሉ በሕዝብ ምርጫ እንዲሾሙ በማድረግ የመጀመሪያዋ ግዛት ሚሲሲፒ ናት፤ ዘመኑም 1832 ነው። ጊዜው የተራው ሰው ድምፅ ከፍ ከፍ ያለበት፣ የአንድሩ ጃክሰን ዘመን ነበር። ሆኖም በሚሲሲፒ «ሕዝብ» የተባለው ነጭ ወንድ ብቻ ነበር። በባርነት ቀንበር ሥር ጥጥ የሚለቅመው ጥቁር ሕዝብ መምረጥ ይቅርና፣ በነጭ ላይ ቆሞ መመስከርም አይፈቀድለትም ነበር።

ዋናው ለውጥ የመጣው ከኒውዮርክ ነው። በ1837 በአገሪቱ የደረሰው የገንዘብ ቀውስ ባንኮችን አናጋ፤ ለቦይና ለባቡር ሐዲድ ሥራ ብድር የተሸከሙ ግዛቶችም ዕዳቸውን መክፈል አቃታቸው። ሕዝቡም የግዛቱን ገንዘብ እንደ ልባቸው ያወጡትን የምክር ቤት ሰዎች፣ በእነርሱ ወዳጅነት የተሾሙትንም ባለሥልጣናት ተጠያቂ አደረገ። በ1846 የጸደቀው የኒውዮርክ ሕገ መንግሥት የምክር ቤቱን የመበደር ሥልጣን ገደበ። ጠቅላይ ዐቃቤ ሕጉን፣ የሒሳብ ተቆጣጣሪውንና የግምጃ ቤት ኃላፊውን በመላው ግዛት ምርጫ እንዲሾሙ አደረገ። የዳኞችንም ወንበር ለሕዝብ ድምፅ ከፈተ። ከዚያ በኋላ ግዛቶች ተራ በተራ ይህን ፈለግ ተከተሉ፤ የእርስ በርስ ጦርነቱ በ1861 ሲነሣ ከግማሽ የሚበልጡት ዳኞቻቸውን በምርጫ የሚሾሙ ሆነው ነበር።

እዚህ ላይ ብዙ ጊዜ የሚዘነጋ ነጥብ አለ። የዚያ ዘመን ተሐድሶ አራማጆች ዳኛን በምርጫ ያደረጉት የዳኝነትን ነጻነት ለማዳከም አልነበረም፤ ለማጠንከር ነበር እንጂ። ሹመቱን ከአገረ ገዥው ወይም ከምክር ቤቱ የተቀበለ ዳኛ፣ የሾሙትን ሰዎች ሕግ ለመሻር ይፈራል ብለው አሰቡ። ሹመቱን ከሕዝብ የተቀበለ ግን በምክር ቤቱ ፊት ቀጥ ብሎ ይቆማል ብለው ተስፋ አደረጉ። ያላሰቡት ነገር፣ ዳኛው ከምክር ቤቱ ቢላቀቅም ለምርጫ ባቀረበው ፓርቲ እጅ ሊወድቅ እንደሚችል ነው።

አባትና ልጅ በአንድ ወንበር

ይህ ፈተና የታየው በዚያችው በኒውዮርክ ነው። ታማኒ ሆል የሚባለው የፖለቲካ ማኅበር በመሪው በዊልያም ትዊድ ዘመን የከተማዋን ግምጃ ቤት፣ የምርጫ ሣጥኗንና ዳኞቿን በአንድነት ጨበጠ። በማኅበሩ ድጋፍ የተመረጡት ዳኞች ውለታቸውን በፍርዳቸው ይከፍሉ ነበር። «ሲሾም ያልበላ ሲሻር ይቆጨዋል» የሚለው ተረት በእንግሊዝኛ የተተረተ እስኪመስል ድረስ ችሎቱ ገበያ ሆነ። በ1872 ዳኛ ጆርጅ ባርናርድ ተከሶ ከወንበሩ ተነሣ፤ ዳኛ አልበርት ካርዶዞም ክሱ ሳይደርስበት ሥራውን ለቀቀ።

በ1873 የኒውዮርክ መራጮች ዳኞች ይመረጡ ወይስ ይሾሙ የሚል ጥያቄ በሕዝበ ውሳኔ ቀረበላቸው። የትዊድ ቅሌት ገና ትኩስ በነበረበት በዚያ ጊዜ እንኳ፣ ሕዝቡ ዳኛ የመምረጥ መብቱን አሳልፎ ለመስጠት አልፈቀደም።

ታሪክ ለዚህ ውሳኔ አንድ ምስክር አቆየለት። የአልበርት ካርዶዞ ልጅ ቤንጃሚን ካርዶዞ በ1913 አባቱ በውርደት በለቀቀው በዚያው ፍርድ ቤት ለዳኝነት ተወዳደረ፤ የቀረበውም በታማኒ ሆል ተቃዋሚዎች ዝርዝር ነበር። አሸነፈ። ኋላም የግዛቲቱ የበላይ ይግባኝ ሰሚ ፍርድ ቤት ፕሬዚዳንት ሆኖ ተመረጠ፤ በ1932 ደግሞ ለአሜሪካ ጠቅላይ ፍርድ ቤት ተሾመ። በአገሪቱ የሕግ ታሪክ እጅግ ከሚከበሩት ዳኞች አንዱ እርሱ ነው። አባትንም ልጅንም ወደ ወንበሩ ያወጣው ያው የሕዝብ ምርጫ ነው። የሥርዓቱ ደካማና ብርቱ ጎን በአንድ ቤተሰብ ታሪክ ውስጥ ጎን ለጎን ተቀምጧል።

የሚዙሪ መፍትሔ

በ1906 ሮስኮ ፓውንድ የተባለ ወጣት የሕግ ሊቅ በሚኒሶታ፣ በሴንት ፖል ከተማ ተሰብስበው ለነበሩ የአገሪቱ ጠበቆች ንግግር አደረገ። ዳኞችን ወደ ፖለቲካ ማስገባት ለችሎት ይሰጥ የነበረውን ጥንታዊ ክብር ሊያጠፋው እንደ ደረሰ ተናገረ። ብዙ አድማጮች ተቆጡ፤ ንግግሩ ግን የዳኝነት ተሐድሶ ጥሪ ሆኖ ቀረ። በዚያው ዘመን ውድሮው ዊልሰንን የመሰሉ ሰዎች የድምፅ መስጫው ወረቀት እንዲያጥር ዘመቻ ከፈቱ። መራጩ የማያውቃቸውን ሠላሳና አርባ ስሞች ሲደረደሩበት፣ የሚመርጠው እርሱ ሳይሆን ዝርዝሩን ያዘጋጀው የፓርቲ አለቃ ነው የሚል ነበር መከራከሪያቸው። አንዳንድ ግዛቶች የፓርቲ ስም ከዳኞች ስም ጎን እንዳይጻፍ ከለከሉ፤ ሚኒሶታና ዊስኮንሲን እስከ ዛሬ በዚህ መንገድ ይመርጣሉ።

ሚዙሪ ሌላ መላ አመጣች። በካንሳስ ሲቲ የቶም ፔንደርጋስት ቡድን በምርጫና በሹመት ላይ የዘረጋው መረብ ያሰለቸው የግዛቲቱ ሕዝብ፣ በ1940 ሕገ መንግሥቱን በድምፁ አሻሻለ። በአዲሱ ሥርዓት ከጠበቆች፣ ከተራ ዜጎችና ከዳኛ የተውጣጣ ኮሚሽን ሦስት ዕጩዎችን ያቀርባል፤ አገረ ገዥው ከሦስቱ አንዱን ይሾማል። የተሾመው ዳኛ ቢያንስ አንድ ዓመት ከሠራ በኋላ ተፎካካሪ ሳይኖርበት በሕዝብ ፊት ይቀርባል። የሚጠየቀውም «ይቆይ ወይስ ይነሣ?» የሚል ብቻ ነው። ሹመቱን ለዐዋቂ፣ ሽረቱን ለሕዝብ የሚሰጥ አስታራቂ ሐሳብ ስለ ነበር ብዙ ግዛቶች በየመልኩ ወሰዱት።

ገንዘብና ፍርሃት

አስታራቂው ሐሳብም ከፖለቲካ አላመለጠም። በ1986 የካሊፎርኒያ መራጮች የግዛቲቱን ጠቅላይ ፍርድ ቤት ፕሬዚዳንት ሮዝ በርድንና ሁለት ባልደረቦቿን «ይነሡ» ብለው አሰናበቷቸው። ዋናው የዘመቻ ርእስ ዳኞቹ የሞት ቅጣትን እየሻሩ ነው የሚል ነበር። ከዚያ ወዲህ በወንጀል ጉዳይ ላይ የሚፈርድ ተመራጭ ዳኛ ሁሉ ይህን ታሪክ ያስታውሳል። በ2004 በፔንሲልቬንያ ዳኞች ላይ የታተመ ጥናት የምርጫው ጊዜ በተቃረበ ቁጥር ቅጣቱ እየከበደ እንደሚሄድ አሳይቷል። በምርጫ ዋዜማ የተፈረደበት ሰው ከምርጫ ማግሥት ከተፈረደበት ይልቅ ረዘም ላለ ጊዜ ይታሰራል ማለት ነው።

የገንዘቡ ነገር ደግሞ በዌስት ቨርጂንያ ገሃድ ወጣ። ማሲ የተባለው የድንጋይ ከሰል ኩባንያ በ2002 አንድ አነስተኛ ተፎካካሪውን በድሏል ተብሎ 50 ሚሊዮን ዶላር እንዲከፍል ተፈረደበት። ይግባኙ ወደ ግዛቲቱ የበላይ ፍርድ ቤት ከመድረሱ በፊት፣ በ2004 ምርጫ፣ የኩባንያው ሥራ አስኪያጅ ዶን ብላንከንሺፕ ነባሩን ዳኛ ለማስወገድ በተደረገው ዘመቻ ላይ 3 ሚሊዮን ዶላር አፈሰሰ። ነባሩ ዳኛ ተሸነፈ፤ አዲሱ ብሬንት ቤንጃሚን ወንበሩን ያዘ። ይግባኙ ሲቀርብም ከችሎቱ አልነሣም አለ። ፍርዱ በሦስት ለሁለት ድምፅ ተሻረ፤ ከሦስቱ አንዱ የእርሱ ነበር። የአሜሪካ ጠቅላይ ፍርድ ቤት በ2009፣ በአምስት ለአራት ድምፅ፣ ዳኛው ከዚህ ጉዳይ መራቅ ነበረበት ሲል ወሰነ። ነገሩ እንደ ገና ሲታይ ግን የዌስት ቨርጂንያው ፍርድ ቤት ያለ እርሱም ፍርዱን በድጋሚ ሻረው።

የዚያ ጊዜው 3 ሚሊዮን ዛሬ ትንሽ ገንዘብ ሆኗል። በኤፕሪል 2025 በዊስኮንሲን ለአንዲት የጠቅላይ ፍርድ ቤት ወንበር በተደረገው ምርጫ ወደ 100 ሚሊዮን ዶላር የሚጠጋ ገንዘብ ወጥቷል። ባለጸጋው ኢላን መስክና የሚደግፋቸው ቡድኖች ከ20 ሚሊዮን ዶላር በላይ አውጥተው ነበር፤ ያም ሆኖ የደገፉት ዕጩ ተሸነፈ። በሰሜን ካሮላይና ደግሞ የ2024ቱ የጠቅላይ ፍርድ ቤት ምርጫ ከ5 ሚሊዮን ተኩል በላይ ድምፅ ተሰጥቶበት በ734 ድምፅ ልዩነት ተለየ። ተሸናፊው ከ60 ሺህ የሚበልጡ መራጮች ድምፅ እንዲሰረዝ ተከራከረ። ክርክሩም ግማሽ ዓመት ፈጅቶ፣ በሜይ 2025 አንድ የፌዴራል ዳኛ ከወሰነ በኋላ ተሸናፊው ሽንፈቱን ተቀበለ። ዳኛ ለመሆን የተደረገውን ምርጫ የቋጨው ያልተመረጠ ዳኛ ነው።

የሚዛኑ ሌላ ጎን

በዚህ ሁሉ ተስቦ የሕዝብ ምርጫን ፈጽሞ ማውገዝ ግን ፍርደ ገምድልነት ይሆናል። ሉዊዚያና የጠቅላይ ፍርድ ቤት ዳኞቿን በምርጫ ብትሾምም፣ የምርጫው ክልል የተሸነሸነው የኒው ኦርሊየንስ ጥቁር መራጮች ድምፅ በሚዋጥበት መንገድ ነበር። በ1991 የአሜሪካ ጠቅላይ ፍርድ ቤት የመምረጥ መብት ሕግ ለዳኞች ምርጫም ይሠራል ሲል ወሰነ። በዚህ ክርክር በተገኘው ወንበር በ1994 የተመረጠችው በርኔት ጆንሰን፣ በ2013 የግዛቲቱ ጠቅላይ ፍርድ ቤት የመጀመሪያዋ ጥቁር ፕሬዚዳንት ሆነች። በ2018ም በሂዩስተን ከተማ ዙሪያ ባለው ካውንቲ አሥራ ሰባት ጥቁር ሴቶች በአንድ ምርጫ የዳኝነት ወንበር አሸንፈዋል። በተዘጋ ክፍል የሚመክር ሿሚ ለዘመናት ያላያቸውን ሰዎች የድምፅ ሣጥኑ አይቷቸዋል።

ዛሬ ከሃምሳዎቹ ግዛቶች 38ቱ የበላይ ፍርድ ቤት ዳኞቻቸውን በአንድ ወይም በሌላ መልኩ በሕዝብ ድምፅ ያሳልፋሉ። በዚያች አገር የሚኖሩ ትውልደ ኢትዮጵያውያንም ዜግነት ሲያገኙ ይህ ልዩነት በየደጃቸው ይገጥማቸዋል። በቨርጂንያ የሚኖረው ዳኛ አይመርጥም፤ ምክር ቤቱ ይመርጥለታል። ወንዙን ተሻግሮ በሜሪላንድ የሚኖረው ዘመዱ በይግባኝ ሰሚ ዳኞች ላይ «ይቆይ» ወይም «አይቆይ» ይላል። በመካከላቸው ባለችው ዋሽንግተን ከተማ ደግሞ ዳኛ የሚሾመው ፕሬዚዳንቱ ነው። ሚኒሶታ ያለው ፓርቲ የማይጻፍበት፣ ዳላስ ያለው ደግሞ ፓርቲ የተጻፈበት ወረቀት ይቀበላል። ብዙ መራጭም አገረ ገዥውንና የምክር ቤት አባላቱን ከመረጠ በኋላ፣ የዳኞቹን ረድፍ ባዶውን ትቶ ይወጣል። ያ ባዶ ረድፍ ለጥቂት ብልጦች የተተወ ሥልጣን ነው።

ሌሎች አገሮችም መንገዱን ሞክረውታል። ቦሊቪያ በ2011 የበላይ ዳኞቿን በሕዝብ ስታስመርጥ አብላጫው ወረቀት ባዶ ወይም የተበላሸ ሆኖ ተገኘ። ሜክሲኮ በጁን 2025 ባካሄደችው የዳኞች ምርጫ ከመራጩ 13 በመቶ ገደማ ብቻ ወጣ። በምሥራቅ አፍሪካ የተመረጠው መንገድ ሹመት ነው። የኢትዮጵያ የ1995 ሕገ መንግሥት የፌዴራል ዳኞችን ሹመት ለሕዝብ ተወካዮች ምክር ቤት ሰጥቷል። የኬንያ የ2010 ሕገ መንግሥት ደግሞ ዕጩውን የማቅረቡን ሥራ ለዳኝነት ኮሚሽን ሰጥቶታል። በሴፕቴምበር 2017 የፕሬዚዳንቱን ምርጫ ውጤት የሰረዘው የኬንያ ጠቅላይ ፍርድ ቤት፣ ከዳኞቹ አንዱም ለድምፅ አልተወዳደረም። ድፍረት የምርጫ ብቻ ፍሬ አለመሆኑን ያ ቀን አሳይቷል።

በቀድሞ ዘመን በኢትዮጵያ ገጠር ሁለት ባላጋራዎች በመንገድ የሚያልፍ ሽማግሌ አስቁመው፣ ከዛፍ ጥላ ሥር «ፍረደን» ይሉት ነበር። ሁለቱም ወገኖች አምነው የመረጡት ዳኛ ስለ ነበር የተረታው እንኳ ፍርዱን ለመቀበል አይቸገርም። የግዛት ምርጫ ይህን እምነት በሚሊዮኖች መካከል ሊፈጥር ይሞክራል፤ ነገር ግን የተሸነፈው ግማሽ ዳኛውን የባላጋራው ሰው አድርጎ እንዲያየው ያደርገዋል። ከኒውዮርክ እስከ ዊስኮንሲን ያለው ታሪክ የሚያስተምረውም ይኸው ነው። ዳኛ በማንም ይመረጥ በማን፣ ከዚያ በኋላ ውለታ የሚጠይቀው ሰው መኖር የለበትም። ሹመቱን የሰጠው ንጉሥም ይሁን ምክር ቤት፣ ፓርቲም ይሁን ሕዝብ፣ በችሎቱ ደጃፍ እጁን ሰብስቦ መቆም አለበት።